የጊፋታውን ቁርጥ ያስቆምኩ ዕለት

ባለፈው እሁድ ወላይታ፣ ቤሌ ላይ ግቢ ሙሉ የተራበ ሰው እኔኑ በጥሬዬ ሊበላኝ ደርሶ ነበር... ሥጋው ተሰቅሏል፣ የሚያቃጥለው ዳጣ ቀርቧል፣ ቢላው ተስሏል። እንዳይቆረጥ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ከመነሻው ልንገራችሁ። አዲስ አበባ የምንኖር የቤሌ ልጆች ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ አውቶብስ ተከራይተን አገራችን እንገባለን። ዘንድሮ አባቴንም ይዤው ወጣሁ። አዲስ ዱንጉዛ ለብሶ... ያንን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለውን የአገራችንን ልብስ... ከሹፌሩ ኋላ ከእኔ ጎን ሙሽራ መስሎ ተቀመጠ።

ሶዶን አልፈን የቤሌን መንገድ እንደያዝን ሹፌሩ በመስታወት አየኝና «እህቴ፣ አንቺም የዚህ አገር ልጅ ነሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ኧረ በፍጹም! ወላይታ አትመስይም እኮ!»

«ምን ልመስል ኖሯል?»

«አይ... እኛ ሰፈር ወላይታ ሲባል የምናውቀው ሊስትሮውን ነዋ! አንቺ ደግሞ የተማርሽ፣ ጽድት ያልሽ...» ብሎ ሳቀ። ማሞገሱ ነው እንግዲህ!

አባቴ ሊስትሮ ነበር። አዲስ አበባ ፀሐዩም ዝናቡም እየወረደበት፣ የሰው ጫማ እየጠረገ ነው እኔን ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝ። ሹፌሩ ይሄን አያውቅም። አባቴ ግን ሰምቷል። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና ዱንጉዛውን ማስተካከል ጀመረ... ምንም ያልተጣመመውን።

ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። «ተይ ልጄ፣ ዛሬ በዓል ነው።»

ሹፌሩ እቴ! እሱ ወሬውን ወደ ቁርጥ አዙሮታል። የወላይታ ሥጋ እንዲህ ነው፣ ዳጣው ላብ በላብ ያደርጋል፣ ዛሬማ ከቢላው አጠገብ ነው የምቀመጠው... እኔ በሆዴ «ሥጋችን ይጣፍጥሃል፣ እኛ ነን የጎረበጥንህ!» እላለሁ።

አጎቴ ግቢ ገባን። እንግዳ ነውና ሹፌሩን ከፊት አስቀመጡት። ቢላው ሊነሳ ሲል አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ብድግ አሉ። በእኛ ደንብ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው። ቤታችን ደግሞ የተጣላ ሳይታረቅ ሥጋ አይቆረጥም።

«የተጣላ አለ?» አሉ። ሁልጊዜም ይጠይቃሉ፣ ሁልጊዜም ዝም ይባላል፣ ከዚያ ይበላል።

«አለ!» አልኩ።

ግቢው ሁሉ በአንዴ ተነሳብኝ። «ምን ነካት?» «በሆዳችን መጣችብን!» አክስቴ በወላይትኛ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። አባቴ ነጠላዬን ይጎትታል። አልቀመጥም አልኩ!

አጎቴ አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት። «ተናገር ልጄ» አሉኝ። ተናገርኩ። አንዲት ቃል ሳላስቀር።

ሹፌሩ ደነገጠ። «ኧረ አባባ፣ ቀልድ እኮ ነው! ለጨዋታ ያህል...»

«ቀልድ ነው?» አሉ አጎቴ። «ጥሩ። በበዓል ቀልድ ጥሩ ነው። እንግዲህ እዚሁ ድገመውና ሁላችንም እንሳቅ። ሊስትሮው እሱ ነው» ብለው አባቴን አሳዩት።

«በሆዳችን መጣችብን» ሲሉ የነበሩት ሁሉ አሁን ሹፌሩን ነው የሚያዩት። እሱ አባቴን አየ። ዱንጉዛውን አየ። ዳጣውን ሳይቀምስ ላቡ መጣ።

ተነሳና ዝቅ ብሎ «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። አላወቅኩም ነበር» አለ።

«ብታውቅ ኖሮ ለእኔ አትለውም ነበር፣ ለሌላው ግን ትለዋለህ» አለው አባቴ። እንዲህ ቀና ብሎ ሲናገር አይቼው አላውቅም። «ሊስትሮ ነበርኩ። አላፍርበትም። ልጄን ግን ወላይታ አትመስይም ስትላት ተሳስተሃል። እኔን ነው የምትመስለው።»

እኔ እዚያው ቆሜ እንባዬን ለቀቅኩት። የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ።

ሹፌሩ አንገቱን ደፍቶ «እውነትዎን ነው አባባ። ለማንም ማለት አልነበረብኝም» አለ። ያኔ ተቃቀፉ። ቢላው ተነሳ። የመጀመሪያውን ቁራጭ አባቴ በገዛ እጁ አጎረሰው... በዳጣው ግን አልራራለትም። ሹፌሩ እየሳለ፣ ዓይኑን እየጠረገ «ድገሙኝ» ይላል!

እናንተም «ወላይታ አትመስይም» ልትሉኝ ያሰባችሁ ካላችሁ... መጀመሪያ ከአባቴ እጅ አንድ ጉረሱና ከዚያ እንነጋገራለን።