በወንዙ ውስጥ ያሉት አምስት ጣቶች

መጀመሪያ ያየሁት ቀጭን መስመር ነበር። በከተማችን መቃብር ቦታ፣ ከአርባ ዓመት ወዲህ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ስም ሁሉ በየፊደሉ ጎድጓዳ ውስጥ ፀጉር የምታህል ጭረት አለችው። ከዩኒቨርሲቲ የተመለስኩ ሰሞን አያቴ መቃብር ላይ ጎንበስ ብዬ በጣቴ ስዳስስ አገኘኋት። ከዚያ በጎረቤቷ ላይ፣ ከዚያ በሁሉም። ሟቾቹ በአንድ ክር የተሰፉ መሰለኝ። እየሮጥኩ የመቃብር ድንጋይ ቀራጩ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሽ ሌላንድ፣ ፊርማዎ ነች አይደል?»

ሌላንድ ፕሩት ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከትከት ብለው ሳቁ።

«የምን ፊርማ! የመሮዬ ስለት ተሸርፎ ነው። ከእጄ ወድቆ ነበር፤ ብስለው ብስለው አልለቅ አለኝ።» ሳቃቸው ድንገት ቆመ። «ዶርካስም እንደዚሁ በጣቷ ነው ያወቀችው።»

ዶርካስ አንድ ልጃቸው ናት። ከተማችንን ባርሎ ፎርድን ለቃ ከሄደች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት፤ ለምን እንደሄደች ግን ማንም አያውቅም ነበር። ዩኒቨርሲቲ አበላሻት ይባላል፤ ስለ እኔም እንደዚያ እንዳይባል እናቴ ትጸልያለች።

እዚህ ቴክሳስ፣ ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ወንዙን ሲያጎድለው ነጩ የድንጋይ ወለል ይወጣል። ወለሉ ላይ ባለ ሦስት ጣት ትልልቅ የዳይኖሰር ዱካዎች አሉ። በመካከላቸው ደግሞ አንድ የሰው እግር የሚመስል፣ አምስት ጣት ያለው። ሰውና ዳይኖሰር በአንድ ሳምንት ለመፈጠራቸው፣ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍም ለመዋሸቱ የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ የሚጠራው ምስክር እሱ ነው። በየዓመቱ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ጭቃውን በመጥረጊያ እናነሳለታለን፤ በዚያ ዓመት የተጠመቀ ልጅም እግሩን ያስገባበታል። እኔም በዘጠኝ ዓመቴ አስገብቻለሁ። ጣቶቼ በአምስቱ ጉድጓዶች ሲያርፉ የዓለም የመጀመሪያዋ ፀሐይ ከታች የምታሞቀኝ መስሎኝ ነበር።

«ዱካው ጣት አልነበረውም» አሉ ጋሽ ሌላንድ። «ረጅም ጉድጓድ ብቻ ነበር።»

«ታዲያ...»

«የኔ ሥራ ምንድነው? ስም ሲደበዝዝ መልሼ እቀርጻለሁ። ለሟቹ ክብር ነው፤ ውሸት ነው ያለኝ የለም። ጣቶቹንም ውሃ የበላቸው መሰለኝ። የነበረውን ልመልስ ብዬ አንድ ማለዳ ወረድኩ። በሳምንቱ ሰው ሲያይ ጎርፉ አጥቦ ገለጣቸው አለ። እኔም ዝም አልኩ።»

ዶርካስ ያደገችው በዚያ ዝምታ ላይ ነው። ስለ ድንጋይ ልታጠና ሄደች፤ ክፍል ውስጥ ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲያስተምሯት ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራከረች። በመጨረሻ አስተማሪዋንና ጓደኞቿን እየመራች ዱካውን ልታሳያቸው ወንዙ ድረስ አመጣቻቸው። ተንበርክካ በአውራ ጣቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣቷን አዞረች። ተነሳች፤ በእነሱ ፊት ምንም አልተነፈሰችም። ማታ ግን አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ እማዬ መቃብር ላይ ያለችው ጭረት ወንዙ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ምን አሏት?» አልኩ።

«ስለ መሮ አወራኋት። ስለ ጎርፍ። ይቅርታ የምትለዋን አንዲት ቃል አጣኋት። ‹አስተማሪዎቼ አይደሉም ከእምነቴ ያስወጡኝ› ብላኝ ወጣች።»

የሚሉትን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። በዚህ እሑድ ወንዙ ላይ ለጉባኤው ይናገራሉ፤ ከዚያ ለዶርካስ ይደውላሉ። «ባዶ እጄን አልደውልላትም» አሉ።

እሑድ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ባዶ እግራቸውን ዱካው አጠገብ ቆሙ። ፓስተር ሃስኬል «ወንድም ሌላንድ ምስክርነት አላቸው» አለ። ወረቀቱን ዘረጉ።

«እነዚህን ጣቶች የቀረጽኳቸው እኔ ነኝ።»

እህት ቨርሊን ከታጣፊ ወንበሯ ላይ ጮኸች፦ «ፀሐዩ መታው! አንተ ሌላንድ፣ ባርኔጣህን የት ጣልከው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፓስተሩ አቀፋቸው። «ወንድሜ፣ ጌታ ነው እኮ በእጅዎ የተጠቀመው!»

«አሜን!»

«ጌታን ተዉት! በእጄ የተጠቀምኩበት እኔው ነኝ!» አሉ ጋሽ ሌላንድ።

«አሜን!» አለ ጉባኤው አሁንም፤ ይበልጥ ጮክ ብሎ።

የዚያ ዓመት ተጠማቂ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ እግሯን አንስታ ሽማግሌውን አየቻቸው። «ላስገባ ወይስ አላስገባ?» አለች። እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ እናቷ ከኋላ ገፋ አደረገቻት፤ ገባች።

ያቺን ጭረት የማውቅ እኔ እዚያው ነበርኩ። «አውራ ጣቱን ዳስሱት» ማለት ይበቃ ነበር። እናቴ በግራዬ ቆማ ነበር፤ አላልኩም።

ሰው ወደ ምግቡ ሲበተን ጋሽ ሌላንድ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው መለሱልኝ።

«አልሰሙኝም» አሉ።

«እኔ ሰምቻለሁ፣ ጋሽ ሌላንድ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ተይው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ለዶርካስ ይቅርታ ለማለት ጉባኤ ምን ያደርግልኛል? ያን ዕለት ማታ ወጥ ቤት ውስጥ፣ እሷና እኔ ብቻ ነበርን። እዚያው ማለት ነበረብኝ።»

«አሁን ይደውሉላታል?»

«እደውላለሁ። ታንሳው አታንሳው እንጃ።»

ጫማቸውን በአንድ እጃቸው፣ መጥረጊያውን በሌላው ይዘው ዱካውን ዞረው አለፉ። በነጩ ድንጋይ ላይ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ የእርጥብ እግራቸው ምልክት ከኋላቸው ይቀር ነበር፤ አምስት አምስት ጣት ያለው፣ ማንም ያልቀረጸው። ፀሐዩ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ ያደርቀው ነበር። ወደ ላይኛው ዳርቻ እስኪወጡ ድረስ ዞር ብለው አላዩኝም።