ጋሽ ድሪባ በቁማቸው የወሰዱት የቀብር ገንዘብ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት... የእድራችን ጡሩንባ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። እኛ ሳጉሬ፣ ገና ሳይነጋጋ ጡሩንባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከማስተማሩ ሌላ የእድሩ ጸሐፊነት ተጭኖብኛል፤ ከለቀስተኛ ቀድሜ መገኘት አለብኝ። «ደግሞ ማን ይሆን?» ብዬ እየተነጫነጭኩ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«ጋሽ ድሪባ አርፈዋል! እድርተኛ ሁሉ ቤታቸው እንድትገኙ!»

ክው አልኩ። ቀጥሎ ትናንት ያደረግኩት ትዝ አለኝና... ብርድ ልብሱን መልሼ ፊቴ ላይ ሳብኩት።

ነገሩን ከሥሩ ላውራላችሁ። ጋሽ ድሪባ ጋሪ ነጂ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ያሏቸው ፈረሳቸውና አንዲት ልጃቸው ሀዊ ብቻ ናቸው። ሀዊ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትንሽ ነጥብ ጎደላት፤ አሰላ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ግን ነርሲንግ ተቀበላት። ችግሩ ክፍያው ነው። ጋሽ ድሪባ በየወሩ ልክፈል ብለው ኮሌጁን ለመኑ፣ አልሆነም። ብድር ጠየቁ፣ ዋስ አምጡ ተባሉ። ዘመድ ጋ ሄዱ፣ ዘመድም የራሱን ልጅ ማስተማር አቅቶታል። ምዝገባው ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው የእድር ስብሰባ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ።

«ስሞት የምታወጡልኝን ገንዘብ አሁን ስጡኝ» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ማሎ፣ እባካችሁ አትሳቁ። ፈረሴን ብሸጥ ሁለታችንም እንራባለን። ቀብሬን ብሸጥ ግን ማንም አይጎዳም።»

ሊቀመንበራችን አቶ ከበደ የደንቡን ደብተር አነሱ። «ደንባችን ላልሞተ ሰው አይከፍልም» አሉ።

«ደንቡን አውቃለሁ አቶ ከበደ። ስሞት ድንኳን አትትከሉልኝ፣ ጡሩንባም አታስነፉ። ልጄ ተምራ ራሷ ትቀብረኛለች።»

ስንከራከር ረፈደ። በመጨረሻ እንዲህ ተወሰነ... ገንዘቡን ይውሰዱ፣ የወር መዋጯቸውን እስኪሞቱ ድረስ እንደማንኛችንም ይክፈሉ፣ ሲሞቱ ግን ገንዘብም ድንኳንም የለም። አሻራቸውን አኖሩ። ለሀዊ እንዳንነግራትም አስማሉን።

እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ነው። እድራችን ያለው የክፍያ ቅጽ አንድ ብቻ ነው፤ የሚጀምረውም «የሟች ስም» ብሎ ነው። ሌላ ቅጽ ከየት ላምጣ? ዓርብ ከሰዓት የሁለት ክፍል ፈተና አርሜ፣ ዓይኔ ፈዝዞ፣ «ድሪባ» ብዬ ሞላሁት። አንዱን ቅጂ ለገንዘብ ያዥ ሰጠሁ። ሁለተኛውን ደግሞ እጄ እንደለመደው በጡሩንባ ነፊያችን በር ሥር አስገባሁት። እሱ ደግሞ አርቦዬ ከተማ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ስብሰባው አምልጦታል።

ያን ጠዋት ጫማዬን ሳላስር ወደ ጋሽ ድሪባ ቤት ሮጥኩ። ስደርስ የሰፈሩ ጎረምሶች ድንኳኑን አቁመው ገመዱን እየወጠሩ ነው። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። «አልሞቱም! ስህተት ነው!» ብል ማን ይስማኝ? አንዷ እንደውም «አይ መምህር፣ ሐዘኑ ጸንቶበት ነው» ብላ አቅፋኝ አለቀሰች።

በዚህ መሀል ሟች በጋሪያቸው መጡ።

ለካ ሀዊን ከነፍራሿ መናኸሪያ አድርሰው እየተመለሱ ነው። ልጅቷ ሰኞ ልትመዘገብ፣ አስቀድማ አሰላ ቤት ልትከራይ ነበር። ጋሽ ድሪባ ሰዉንም ድንኳኑንም አዩና «ማን ሞተብን?» ብለው ከጋሪው ወረዱ። ግማሹ ያማትባል፣ ግማሹ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ወዲያው ሀዊ ደረሰች። መናኸሪያ ውስጥ «አባትሽ ሞተ» ብለዋት ከሚኒባሱ ወርዳ በባዶ እግሯ እየሮጠች ነው የመጣችው። አባቷን ቆመው ስታይ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ጡሩንባ ነፊያችን ተደናግጦ የሞላሁትን ቅጽ አውጥቶ አሳያት፤ ትንፋሿ ሲመለስላት ወደኔ ዞረች።

«መምህር፣ አባዬ ካልሞተ ስሙ እዚያ ወረቀት ላይ ለምን ተጻፈ?»

እንዳልዋሽ አስተማሪዋ ነበርኩ። ነገርኳት።

ድንኳኑ ሥር አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። «አባዬ... በቀብርህ ነው የምማረው? አልሄድም» አለች።

«ልጄ፣ እኔ ሞቼ ሰፈሩ ንፍሮ ከሚበላልኝ፣ እኔ ቆሜ አንቺ ብትማሪ አይሻልም? ሂጂ። ሚኒባሱ ጥሎሽ ይሄዳል።»

ያኔ የሐሰት ለቅሶው ቆመና እውነተኛው ጀመረ። አቶ ከበደ ዓይናቸውን ጠረጉና ጎረምሶቹን «በሉ ድንኳኑን ንቀሉ» አሉ።

«ተዉት፣ ትንሽ ይቁም» አሉ ጋሽ ድሪባ። «ሁለተኛ አትተክሉልኝም አይደል?»

ሀዊን መልሰው መናኸሪያ ካደረሱ በኋላ መጥተው፣ ለለቅሷቸው ከመጣው ዳቦ ቆርሰው ድንኳናቸው ሥር ተቀመጡ። እኛም አብረናቸው ተቀመጥን። ምን ይባላል? «እግዜር ያጽናዎት» አይባል። እኔ በበኩሌ ደክሞኛል። ሰው ለመቅበር ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ሁሉ ነገር አለን። አንዲት ልጅ ለማስተማር ግን አባቷን ሟች ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።

ትናንት የወሩ ስብሰባ ነበረን። ሀዊ ትምህርት ጀምራለች። ጋሽ ድሪባ ከሁሉም ቀድመው መጥተው መዋጯቸውን ከፈሉ። የጻፍኩት በእስክሪብቶ ስለሆነ ስማቸው መዝገባችን ላይ አሁንም ከሟቾች ጋር ነው...

ከሟቾቻችን ሁሉ መዋጮ የሚከፍሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።