ቀይ ነጥብ ያለበት ሪሌ

አምሀ ፀጋው በዕድሜው «አልቻልኩትም» ያለው መኪና አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ዋሽቶ ነው። ካርቲየ 2 የሚባለው የወደብ ከተማ ሰፈር ገብታችሁ «መኪናዬ የኤሌክትሪክ ችግር አለበት» ብትሉ፣ ሱማሌውም ዓፋሩም ዓረቡም የሚጠቁማችሁ ወደዚያች ጠባብ የቆርቆሮ ጋራዥ ነው። አባቱ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ ቀሩ። እሱም እዚሁ ተወለደ፣ እዚሁ ሽቦ መቀጠል ተማረ፣ እዚሁ አገባ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ደግሞ ሚስቱን አሰፋሽን እዚሁ ቀበረ። አሁን ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ልጁ ጸደንያ ፈረንሳይ አገር ናት። እሑድ እሑድ ትደውልና «አባዬ፣ በላህ?» ትለዋለች። «በላሁ» ይላታል። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል።

በላሁ ማለቱስ እውነቱን ነው። የሚያበላው የግድግዳ ጎረቤቱ ማይሙና ናት። እሷና ባሏ ጀላሉዲን የሐረር ሰዎች ናቸው፤ ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ ሃያ ሰባት ዓመት ከአምሀ ጋር ግድግዳ ተጋርተዋል። አሰፋሽ ከሞተች ወዲህ ማይሙና አንድ ቀን እንኳ ምሳ አስቀርታበት አታውቅም። ሥጋቸው ስለማይገናኝ ዓሣ ወይም ምስር ትልክለታለች፤ ያንንም ሥጋ በነካው ድስት አትሠራውም። በሑዳዴ ደግሞ ቅቤ እንዳይገባበት ከቄስ የባሰ ትጠነቀቃለች። ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሙቀት በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ ጀላሉዲን ጫቱን በብብቱ ይዞ ወደ ጋራዡ ይመጣል። እሱ ይቅማል፣ አምሀ ሻይ ይጠጣል። ብዙ አያወሩም፣ ግን እስከ ማታ አይለያዩም። የአምሀ ኑሮ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ምሳዋና ይቺ ከሰዓት በኋላ።

መጋቢት ላይ የማይሙና እግር አበጠ፣ ትንፋሿም አጠረ። ሐኪሙ ልቧን አይቶ «ሐምሌና ነሐሴን እዚህ እንዳታሳልፍ» አለ፤ በዚያ እቶን ላይ ኻምሲኑ፣ ያ የበረሃ ትኩስ ነፋስ፣ ሲጨመርበት ልቧ አይችለውም። ሐረር ደጋ ነው፣ ልጃቸው ናዒማም እዚያው ቤት ሠርታለች። ሱቁ ተሸጠ፣ ዕቃው ታሰረ፣ በግንቦት መጀመሪያ በነጯ መኪናቸው ሊሄዱ ቀን ተቆረጠ። አምሀ ይህን ሲሰማ «ጥሩ ነው፣ ነፋሻ አገር ነው» አለና ወደ ውስጥ ገብቶ የማይፈልገውን መፍቻ ሲፈልግ ቆየ።

ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው መኪናዋ ታመመች።

«ትነሣለች» አለ ጀላሉዲን፣ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ። «ትንሽ ከሄደች በኋላ ግን መብራት ይበራል፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብትረግጥ አትሰማህም። እንደ አህያ ትቆማለች። አጥፍተህ ስታስነሣት ደግሞ ደህና ናት።»

ሌላው መካኒክ ቢሆን ኮምፒውተሩን ሰክቶ «ስሮትሉ ሞቷል፣ ሙሉው ይቀየር» ብሎ ነበር። ኮምፒውተሩማ ለአምሀም ያንኑ ነገረው፤ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው በር አልታዘዘም አለ። አምሀ ግን ኮምፒውተር የሚለውን እንደ ሰፈር ወሬ ነው የሚሰማው፤ ይሰማል፣ ከዚያ ራሱ ሄዶ ያያል። የስሮትሉን ሶኬት ነቅሎ አየ፣ ንጹሕ ነው። ፊውዙ ደህና ነው። ሞተሩ እንደ ሞቀ ሽቦው ላይ ቴስተሩን ደገነና ጠበቀ። አሥራ ሦስት ቮልት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስት፣ ከዚያ ድንገት ዜሮ። ስሮትሉ ምን ያድርግ? መብቱን ተከልክሎ ነው! ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው ደግሞ በአንዲት ሪሌ ነው፤ እንደ ክብሪት ሳጥን ባለች ጥቁር ማብሪያ ማጥፊያ። በመፍቻው እጀታ ኳ ኳ ሲያደርጋት ቮልቱ ተመለሰ። «አገኘሁሽ!» አለና ነቀላት።

ጎኗ ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

አምሀ ልማድ አለው። በእጁ ያለፈችን ሪሌ ሁሉ በጥፍር ቀለም ምልክት ያደርግባታል፤ ደህናዋን በነጭ፣ የሞተችውን በቀይ። የሞተችውንም አይጥልም፣ ሰው እንዳያማው ለባለቤቱ ይመልሳታል። ይህችኛዋን ያለፈው ነሐሴ ከዚሁ መኪና ማቀዝቀዣ ላይ ነቅሎ፣ ቀይ ቀብቶ፣ በጀላሉዲን እጅ ላይ ነበር ያስቀመጣት። ያን ቀን መቼም አፉ አያርፍ፣ ማስተማርም አብዝቶ ነበር። «አየህ ጀላል፣ ይቺኛዋ የማቀዝቀዣው ናት፣ ያቺኛዋ የስሮትሉ። መንትያ ናቸው። መንገድ ላይ አንዷ ብትሞትብህ የሌላዋን ነቅለህ ትሰካለህ።»

የሞተች ሪሌ በእግሯ ሄዳ ስሮትሉ ቦታ አትገባም። ያስገባት ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ ውጭ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጫቱን እየቀነጠሰ ነው።

አምሀ ኮፈኑ ሥር እንደ ተደፋ ቀረ። መጀመሪያ ሳቁ መጣ፣ ከዚያ ሆዱ ባባ። ለካ ይህ ሰው መሄድ አይፈልግም! ሃያ ሰባት ዓመት አብረው ሲቀመጡ «አንተን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ» ብሎት አያውቅም፤ አሁን በሪሌ ነገረው። አምሀም አሰፋሽ ከሞተች ወዲህ እንዲህ የሚፈልገው ሰው ያለ አልመሰለውም ነበር። ሪሌዋን መልሶ ሰካ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«ምን አገኘህበት?» አለ ጀላሉዲን።

«ምኑም አልተያዘልኝም። ልፈትሸው ነው፣ ቀን ይፈልጋል።»

«ቀስ ብለህ» አለ ጀላሉዲን፣ ፊቱ እየበራ። «ምን ያስቸኩላል?»

እንግዲህ ሁለት ሽበታም ሰዎች፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ ዘጠኝ ቀን እንዲህ ተቀመጡ። አንዱ ያበላሸውን ያውቃል፣ ሌላው የተበላሸውን ያውቃል፣ ሁለቱም አያወሩም። አምሀ ለይስሙላ ሽቦ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ጀላሉዲን ደግሞ በወጉ ያዝናል። እነዚያ ዘጠኝ ቀናት ለአምሀ ከአምስት ዓመት ወዲህ ያያቸው የደስታ ቀናት ነበሩ፤ ምን ይደበቃል! ሌሊት ግን ከግድግዳው ማዶ የማይሙናን ሳል ይሰማና ትራሱን ጆሮው ላይ ያደርጋል።

በአሥረኛው ቀን ማይሙና ራሷ መጣች፤ በቀትር፣ ውሻ እንኳ በማይወጣበት ሰዓት። ጀላሉዲን ገበያ ነበር። ከቤቷ እስከ ጋራዡ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም፣ እሷ ግን ሦስት ጊዜ ግድግዳ ይዛ ቆመች። አምሀ ሮጦ ወንበር አቀረበላት። ቁርጭምጭሚቷ ከጫማዋ ላይ ሞልቶ ፈሷል። ቃል ለማውጣት ትንፋሿን ትጠብቃለች።

«ወንድሜ አምሀ» አለች። «በባቡር እስከ ድሬ እንሂድ ስለው መኪናዬን ጥዬ አልሄድም ይለኛል። ናዒማ ልምጣና ልውሰድሽ ትላለች፣ እሱን ብቻውን እንዴት ልተወው? ትናንት ሌሊት ተኝቼ መተንፈስ አቃተኝ፣ ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። ለእሱ አልነገርኩትም፣ ይደነግጥብኛል። አንተ እውነቱን ንገረኝ። ይቺ መኪና ትሠራለች ወይስ አትሠራም?»

አምሀ ያበጠውን እግሯን አየ። አሰፋሽ በታመመች ጊዜ ሌሊቱን ያደረችላት ይቺው ሴት ናት። እሱ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ትንፋሿን እየቀነሰ ሻይ ሲጠጣበት ኖሯል። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ትሠራለች» አላት። «ነገ ጠዋት ትሄዳላችሁ።»

እሷን ደግፎ ቤቷ ካስገባ በኋላ ከመሳቢያው ነጭ ነጥብ ያለባትን ሪሌ አወጣ። የሶኬቱን እግሮች የጨው አየሩ አረንጓዴ አድርጓቸው ነበርና አንድ በአንድ ፍቆ አጸዳቸው፤ ላላ ያለውን በመርፌ አጠበቀው፤ ሪሌዋን ሰካ። ሞተሩ እስኪግል ጠብቆ ለካ። አሥራ ሦስት ቮልት፣ ንቅንቅ የለም። እስከ ወደቡ መንገድ ነድቶ ተመለሰ። ሲመለስ ጀላሉዲን በሩ ላይ ቆሟል።

አምሀ ወረደ፣ ቀይዋን ሪሌ ከኪሱ አውጥቶ ብረቱ ላይ አስቀመጠና በመዶሻ መታት። ሁለተኛ መታት። እንክትክት አለች።

ጀላሉዲን ቀይ ነጥብ ያለበትን ስብርባሪ አነሣ። «አውቀህ ነበር?»

«የመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተስ ለምን አበላሸህ?»

ጀላሉዲን ጎማው ላይ ቁጭ አለ። «ሐረር ከናዒማ በቀር ማን አለኝ? የማውቃቸው ሁሉ ሞተዋል። በር ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚ ላይ ነው? አንተንስ እዚህ ለማን...»

«ማይሙና ትናንት ተኝታ መተንፈስ አቅቷታል» አለ አምሀ። «ቁጭ ብላ ነው ያነጋችው። እንዳትደነግጥ ብላ ነው የደበቀችህ፣ እኔ ግን ነገርኩህ። ብትሞትብን ደግሞ አንተን እኔ፣ እኔን አንተ እንዴት እናያለን?»

ጀላሉዲን ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነ። አምሀም ከጎኑ ተቀመጠ። ያን ቀን ጫቱም አልተፈታም፣ ሻዩም አልፈላም።

በማግስቱ ሙቀቱ ሳይነሣ ዕቃው ተጫነ። ማይሙናን ከኋላ በትራስ ደግፈው አስተኟት። የአምሀን እጅ ይዛ መረቀችው፣ አልቅሳም ሳመችው። ጀላሉዲን ሞተሩን አስነሥቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገና እንደ ልጅ አየው።

«መንገድ ላይ ብትቆምብኝስ?»

«አትቆምም።»

«ምናልባት ብትቆምስ?»

«ጀላል፣ አትቆምም አልኩህ!» አለ አምሀ።

መኪናዋ በጠባቡ መንገድ ወጣች። ማዕዘኑ ላይ ደርሳ ስትዞር ዓይኑ ቢያጣትም ጆሮው አልለቀቃትም። አንድ ጊዜ ብቻ ብታንገራግር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትንፋሿ ቢቆረጥ፣ በነጠላ ጫማው ሮጦ ይደርስባት ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ስትወጣ ጀላሉዲን ነዳጅ ሰጠ፤ ሞተሩ ሳይቆራረጥ፣ አንድ ወጥ ሆኖ፣ ጠርቶ ወጣ። አምሀ አርባ ዓመት ሞተር ሲያዳምጥ እንደዚያ ያማረ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፤ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ እያለቀሰ አዳመጠው።