በሙቅ መሬት የተቀበረው ቢራ

ጎረቤቴ ስታይንቮር ፈሪ ሆና አልተወለደችም። ፈሪ ያደረጋት ቢራ ነው። በአገራችን በአይስላንድ ጉሮሮ የሚልጠውን አረቄ መንግሥት ራሱ ይሸጥልን ነበር፤ ቢራ ግን ክልክል ነበር። ለምን እንደሆነ የገባው ሰው ካለ ይንገረኝ።

የምትተዳደረው ዳቦ በመሸጥ ነበር። በመንደራችን መሬቱ ከሥር ስለሚፈላ፣ ጥቁሩን ዳቦ በቆርቆሮ አድርገን እንቀብረዋለን፤ በማግስቱ በስሎ ይወጣል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጉድጓድ አለው፤ የሌላውን መክፈት ነውር ነው። ስለዚህ መርከበኛው ወንድሟ ኬቲል ከእንግሊዝ ደብቆ ያመጣውን የጠርሙስ ቢራ አደራ ሲላት፣ ከዳቦው ራቅ አድርጋ ቀዝቀዝ ያለው አፈር ውስጥ ቀበረችው። ከተያዘ ከመርከቡ እንደሚባረር፣ እስር ቤትም እንደሚገባ ነግሯታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጥ ጀመር።

የእኛ መሬት ደግሞ ሙቀቱ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ይዞራል። እሷ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ፍርሃቱ አስረሳት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ቅዳሜ የመንደሩ ፖሊስ ሃልቫርዱር ዳቦ ሊወስድ መጣ። ዳቦውን አውጥታ እንደሰጠችው ከመሬት ሥር ጧ አለ። ደግሞ ጧ። አፈሩ አረፋ ደፈቀ፤ ሽታው የሚደበቅ አይደለም። ወንድሟ በካቴና ታስሮ ሲሄድ ታያት።

«ስታይንቮር፣ መሬትሽ ምን ጠጥቶ ነው?» አላት ሃልቫርዱር።

በአካፋዋ አፈር ትመልስበት ጀመር። እሱ አካፋዋን ከእጇ ተቀበለና አረፋውን ቆሞ አየው።

«የሰው ጉድጓድ አልከፍትም» አለና አካፋውን መልሶላት ሄደ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ በተኛ ነበር። እሷ ግን ሰውዬው እስኪሞት ድረስ፣ በየቅዳሜው ዳቦ ሊገዛ በመጣ ቁጥር «ዛሬ አፉን ይከፍታል» እያለች ትሰጋ ነበር። እሱ አንድም ቀን አላነሳባትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እሷም ወንድሟም አርጅተው፣ ቢራ ተፈቀደ። ኬቲል በዚያው ቀን ከሱቅ ገዝቶ ይዞላት መጣ። መጋረጃውን ዘጋች።

«ተፈቅዷል እኮ፣ እህቴ።»

«አውቃለሁ። ቀስ ብለህ ክፈተው፣ እንዳይጮህ።»

አንዴ እንደተጎነጨች በሩ ተንኳኳ። ብርጭቆዋንም የወንድሟንም ነጥቃ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋች። አፏን ተጉመጥምጣ በሩን ከፈተች።

እኔ ነበርኩ። አብረን እንድንጠጣ ሁለት ጠርሙስ ቢራ ይዤ ነበር የመጣሁት።