ለኮሶዬው ሠርግ የዘገየው ወረቀት

ዐቢይ ጾም ሰኞ ሊገባ፣ ዓርብ ጠዋት የደብራችን ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ፕሪንተሩን አላገኘሁም አለ።

በሩ አጠገብ አንድ የኮሶዬ ገበሬ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ልጃቸው እሑድ በተክሊል ታገባለች። ሙሽራው የእኛ አጥቢያ ልጅ ስለሆነ፣ እዚህ ክርስትና መነሣቱንና ሚስት የሌለው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ የኮሶዬው ቄስ ጠይቀዋል። ሙሽራው ራሱ ይዤ እመጣለሁ ቢል አባትየው እሺ አላሉም። ስለ ራሱ የተጻፈውን ራሱ ይዞ ቢመጣ ማን ያምነዋል ብለው ሳይነጋ ተነሥተው መጡ። ደብዳቤው በዕለቱ ካልወጣ ሠርጉ ፋሲካ እስኪያልፍ ሊቆይ ነው። ጠላው ግን ተጠምቋል፤ ዘመድም ተጠርቷል።

«በእጅዎ ይጻፉልኛ» አሉኝ።

አልችልም አልኳቸው። በእጅ የተጻፈ ሐሰተኛ ደብዳቤ ከተገኘ ወዲህ የትኛውም ደብር አይቀበልም።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ በቅርቡ የተቀጠረች ናት። ፕሪንተሩን አጥፍታ አበራችው። ወረቀቱን አውጥታ መልሳ ከተተች። አዲሱ ፕሪንተር በዋይፋይ የሚሠራ ስለሆነ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው፣ ነቅለው የሚሰኩት ገመድ የለውም። መብራቱ በርቷል፣ ቀለሙም አለ። ኮምፒውተሩን ዘግታ ከፈተችው። ያው ነው።

እኔ የማየው እጇን ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት ስለ እኔ ለአስተዳዳሪው «እትዬ ቢያርፉ ምናለ» ስትል ሰምቻታለሁ። ሐሙስ ከእኔ በኋላ የወጣችውም እሷ ናት። ትናንት ሲሠራ የዋለ ዕቃ፣ እኔ ለማተም ስቀመጥ ለምን እንቢ ይላል?

«ትናንት ምን ነካሽበት?» አልኳት።

«ምንም። እርስዎስ?»

እሷም እኔን ትጠረጥራለች ማለት ነው።

ገበሬው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። «ምነው፣ እንቢ ያለው ማሽኑ ነው ወይስ እናንተ? እጅ መንሻ ካለው ንገሩኝና ልወቀው።»

«አያ፣ እዚህ እንዲያ ያለ ነገር የለም» አልኳቸው።

«ሸጋ። እንግዲያ ይውጣ።»

ልጅቱ ግድግዳው ላይ ያለውን የዋይፋይ ሣጥን ቀና ብላ አየች። «ኮምፒውተሩና ፕሪንተሩ አንድ ዋይፋይ ላይ ካልሆኑ አይገናኙም» አለችና የስክሪኑን ጥግ ነካች። ከጣቷ ዓይኔን አልነቀልኩም ነበርና የወጣውን ስም እኩል አየነው። የደብራችን አይደለም። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሆቴል ነው።

«ሆቴሉን እዚህ ማን አስገባው?» አልኩ።

«እኔ ኮዱን ከየት አውቄ?» ፊቷ ቀላ።

ከበስተኋላችን የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማሕሌትና ሽብሸባ የሚያስተምሩ የአቋቋም መምህራችን ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ጥግ ዳዊት ሲደግሙ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ቁልፍ እሳቸውም ዘንድ አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «የእኛው ይቆራረጣል። የማየው ቪዲዮ ልክ ከበሮው ሲገባ ቀጥ ይላል። የሆቴሉ ዘበኛ ተማሪዬ ነበር፤ ትናንት ማታ ኮዱን እሱ ሞላልኝ።»

የሞቱት መምህራቸው ማሕሌት ሲቆሙ የተቀረጸ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ አለ። ለካ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ብቻቸውን እየገቡ እሱን ያያሉ። ፕሪንተሩን የሚያጣላ ነገር መሆኑን አላወቁም።

ገበሬው ሳቁ። «የኔታ፣ በስተርጅና ከሆቴል ነው ትምህርት የሚቀጽሉት?»

«ከመምህሬ ነው። ሆቴሉ መንገድ ነው» አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ልጅቱ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ ዋይፋይ መለሰችው። ፕሪንተሩ ትንሽ አጉረመረመና ደብዳቤውን አወጣ። ማኅተም መታሁበት። ገበሬው ግን ወዲያው አልተነሡም። ቀለሙን በአውራ ጣታቸው አሸት አደረጉ፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥተው አገላበጡ። ከዚያ ልጅቱን አስነበቧት። አንብባ ስትጨርስ ከእጇ ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝ።

«ደግሞ እርስዎ ያንብቡት።»

አነበብኩላቸው። ያነበብነው አንድ መሆኑን ሲያረጋግጡ አጥፈው ከደረታቸው ከተቱትና ወደ መኪና መናኸሪያው ገሠገሡ።

ሠርጉ እሑድ ሆነ። ሰኞ ጾሙ ገባ። ልጅቱ ኮምፒውተሩን ስትከፍት አስቀድማ የስክሪኑን ጥግ አየች፤ እኔም ከጀርባዋ ሆኜ አየሁ። ቢያርፉ ምናለ ስላለችው ነገር ግን እስካሁን አልጠየቅኋትም።