እንጥሉን የተቆረጠ እጁን ያውጣ

መሪ የጨበጥኩበት የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሐጂ ይማም ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩና ሦስት ነገር አዘዙኝ። ሐጂ የመኪናው ባለቤት ናቸው። መኪናዋ አሥራ ሁለት ሰው የምትጭን፣ ከደባርቅ ጎንደር የምትመላለስ ነጭ ሚኒባስ ናት። ኩርባ ላይ አትቅደም፣ ትርፍ አትጫን፣ መስኮት አታስከፍት አሉኝ። ሁለቱ ወዲያው ገቡኝ። ሦስተኛውን ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ የእኛ አገር ብርድ ነው፣ አንዴ ነፋስ የመታው ሰው ሁለተኛ በዚህ መኪና አይሳፈርም አሉ።

እውነታቸውን ነበር። መስኮት ጣት የምታህል ከተከፈተች ከኋላ ወንበር ጀምሮ ጩኸት ይነሣል፤ ምች ልታስመታን ነው ወይ ይሉኛል። ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይከናነባል። መስታወቱ ላብ ያወጣል፤ እኔ በግራ እጄ በጨርቅ እየወለወልኩ በመንገዳችን ላይ እስካለችው ዳባት እነዳለሁ። ያን ላብ ሳይ እንዲያውም መኪናዬ ሞቃለች ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። የአሥራ ሁለት ሰው ትንፋሽ መሆኑን ማን ይንገረኝ።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ሳል ከእኔ አይለይም ነበር። አንዱ ጉንፋን ሳይለቀኝ ሌላው ይተካል። መናኸሪያ ውስጥ ተራ አስከባሪዎቹ መምጣቴን በሳሌ ያውቁታል፤ ሰይድ ክላክስ አያስፈልገውም ይላሉ አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ይህን የሰማሁት ቀልዱ ከወጣልኝ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።

ባለቤቴ ፋጡማ፣ አላህ ያኑርልኝ፣ የምታውቀውን ሁሉ አድርጋልኛለች። ፌጦ ወቅጣ በሎሚ አብልታኛለች። ዳማከሴ አሽታ አሽትታኛለች። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ጋቢ ደርባብኝ አጥናኛለች። ሲቀለኝ ተመልሼ እዚያው የታፈነ መኪና ውስጥ እገባለሁ፤ በሦስተኛው ቀን እንደገና ሳል።

ሲስተር ብርቱካን ዳባት ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ቤቷ ደባርቅ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በእኔ መኪና ነው የምትሄደው፤ ቦታዋም ከጎኔ፣ ጋቢና ነው። እኔ ባሳልኩ ቁጥር ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ እየሳበች ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን ቅር ብሎኝ ጠየቅኋት። እሷም አልተቆጣችም፤ እጅህ ላይ ሳልክ፣ በዚያው እጅ ማርሽ ቀየርክ፣ በዚያው እጅ ቦርሳዬን ተቀበልከኝ አለችኝ። ከዚያ ጉንፋን የሚይዝህ ከሰው ነው እንጂ ከብርድ አይደለም ስትል ሳቅሁባት።

"እሺ" አለች፣ "ተራራው ላይ፣ ጊች ያለ ሰው ከእኛ ይልቅ ብርድ ላይ ነው። ታዲያ ለምንድን ነው ጉንፋን የሚይዘው ደባርቅ ገበያ ደርሶ ሲመለስ የሆነው?"

እስከ ዳባት አሰብኩ።

ከዚያ ወዲያ እንደ ተማሪ ሆንኩላት። ሳሌን ወደ ክንዴ እጥፋት አደረግሁ። አንድ ጀሪካን ውሃና ሳሙና ከወንበሬ ሥር አስቀመጥኩ፤ ዳባት ስንቆም እጄን እታጠባለሁ። የውሃ ጠርሙሴን ለሰው ማዋስ ተውኩ፤ ይህ ስስታም አስብሎኛል። ሲጠናብኝ ሁለት ቀን ቤቴ ተኝቼ ዝንጅብል በማር እየጠጣሁ ማረፍ ለመድኩ። ሲስተር ፌጦውንም ሻዩንም አልከለከለችኝም። ጉሮሮህን ያለሰልስልሃል፣ ጉንፋኑ ግን በሳምንት በራሱ ጊዜ ነው የሚሄደው ትለኛለች። ለልጅ ሲሆን ግን ጥብቅ ነበረች፤ ዓመት ላልሞላው ማር አይቀመስም፣ ሕፃን የፈላ ውሃ ላይ አይታጠንም፣ ተቃጥለው የሚመጡባትን እሷ ታውቃለች።

የቀረው መስኮቱ ነው። ተሳፋሪ እንዳይጮኽብኝ፣ ሐጂም እንዳይቀየሙኝ ተንኮል ሠራሁ። የኋላው መስኮት የሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ ቁራጭ እንጨት ወሸቅሁበት። ሁለት ጣት ሲቀረው አልዘጋም ይላል። ተሳፋሪው ሲያማርር፣ ተበላሽቷል ምን ላድርግ እላለሁ። ሐጂ አንድ ቀን መኪናውን ሲፈትሹ እንጨቱን አገኙት። እንጨቱን አዩ፣ እኔን አዩኝ። በዚህ በጋ ስንት ቀን ታመህ ቀረህ አሉኝ። ሁለት ቀን ብቻ አልኳቸው። እንጨቱን በገዛ እጃቸው መልሰው ወሸቁት። እንዲህ ያለ አለቃ የሰጠኝን አላህን አመሰግናለሁ።

ከሲስተር ከተማርኩት ሁሉ ትልቁ ሌላ ነው። ሁለተኛው ልጄ የሰባት ወር ሕፃን ሳለ ሳል ይዞት ጭንቅ ብሎኝ ነገርኳት። የሳሉን ድምፅ አትስማ፣ ልብሱን ገልጠህ ደረቱን እይ አለችኝ። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ ስርጉድ ካለ፣ ወይ ጡት እንቢ ካለ፣ ወይ ዓመት ሳይሞላው በአንድ ደቂቃ ሃምሳና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ያ ጉንፋን ብቻ አይደለም፣ አምጣው። ቤቴ ገብቼ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ልጄ ደህና ነበር፤ በሳምንቱ ለቀቀው።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። ወሩ ጥር ነው። ሲስተር አዳሪ ተረኛ ስለነበረች ጋቢና አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል። ከእኔ ጀርባ እማማ ዘይነብ ነበሩ፤ ጊች ተወልደው ያረጁ፣ አሁን ደባርቅ ዳር ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ ሴት። ከጎናቸው ምራታቸው የአምስት ወር ወንድ ልጅ በጋቢ ጠቅልላ፣ ፊቱን ሳይቀር ሸፍና ይዛለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው።

ጨዋታ ስንጀምር ወዴት እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ልጁ አራት ቀን ሙሉ ሲያስል ነበር፤ ከትናንት ወዲህ ጡትም እንቢ ብሏል። እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ከዳባት ወዲያ አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ ጎበዝ እንጥል ቆራጭ አለ፣ እሱ ዘንድ እንወስደዋለን አሉ። ደባርቅ ሐኪም አልነበረም ወይ ብላቸው፣ የእንጥል ነገር ለሐኪም አይገባውም ልጄ አሉኝ። በአገራችን ይህ ያልተባለበት ቤት የለም፤ የእኔንም እንጥል የቆረጡት በዚሁ ነገር ነው። ቢሆንም ጡት እንቢ አለ የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች።

የዳባትን ግማሽ መንገድ ስንደርስ ሳሉ ጠፋ። በሳሉ ፈንታ በተነፈሰ ቁጥር እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ መጣ። ዳር ይዤ ቆምኩና ገለጥ አድርጊው እህቴ አልኳት። ብርድ ታስመታዋለህ ብለው የተቆጡ ነበሩ። ስትገልጠው አየሁት። ከጎድን አጥንቱ በታች በተነፈሰ ቁጥር ስርጉድ ይላል፤ የአፍንጫው ቀዳዳዎች ይነፋሉ። ፊቱን እንዳትሸፍኚው፣ ቀና አድርገሽ ያዢው አልኳትና ነዳሁ። በሥራ ዘመኔ ያ መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ዳባት ስደርስ ወደ መናኸሪያው አልታጠፍኩም፤ በቀጥታ ጤና ጣቢያው ግቢ ገባሁ። በሩን ከፍቼ ውረዱ እማማ ስላቸው፣ ሕፃኑን ከምራታቸው ነጥቀው ደረታቸው ላይ አጣበቁት።

"አልወርድም። እንጥሉ ሳይቆረጥ መርፌ ከወጉት ይሞትብኛል" አሉ። "አንተስ ተቆርጠህ አይደል ያደግኸው?"

ምራታቸው እንባዋ ይወርዳል እንጂ አማቷ ፊት አፏን አትከፍትም። ከኋላ አንዱ ነጋዴ ረፈደብን እያለ ያጉረመርማል። የሰው ልጅ ነጥቄ አልሮጥ፤ ምን ይዋጠኝ። ዝም ብዬ ብቆም ልጁ ዓይኔ እያየ ሊሄድ ነው።

"አዎ፣ ተቆርጫለሁ" አልኳቸው። ወደ ተሳፋሪው ዞርኩና "እንጥሉን የተቆረጠ እጁን ያውጣ" አልኩ።

መጀመሪያ ያወጡት ቄሱ ናቸው። ቀጥሎ ነጋዴው። እየተያዩ ዘጠኝ ሰዎች አወጡ፤ እኔ አሥረኛ። ከዚያ በዚህ በጋ ጉንፋን ያልያዘው እጁን እንዳያወርድ አልኩ። እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። የመጨረሻዋ የአንዲት ልጅ እግር ሴት እጅ ነበረች፤ ስታወርደው ያስነጥሳት ጀመር፣ ሰውም ሳቀ። እማማ ዘይነብ አልሳቁም። የወረደውን እጅ ሁሉ አንድ በአንድ አዩት።

ቄሱ ከጋቢና ዞር ብለው በዝግታ ተናገሩ። እመት ዘይነብ፣ እኔ የተቆረጥኩት በሰባት ዓመቴ ነው፣ ሳሉ ግን እስከ ዛሬ ማኅሌት ላይ ያንቀኛል፤ ልጁን ለእናቱ ይስጧት አሏቸው።

ሴትዮዋ ልጁን ለእኔ አልሰጡኝም። ለምራታቸው አቀበሏትና "ውሰጂው" አሉ። እናቲቱ ይዛው ሮጠች።

ሲስተር ብርቱካን ሰዓቷን ይዛ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠረች፤ ስድሳ ስምንት። ኦክስጅን አደረጉለት፣ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጡት፣ አምቡላንስ ጠርተው ወደ ጎንደር ላኩት። የሳንባ ምች ነበር። ተሳፋሪዎቼ ያን ሁሉ ጊዜ ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁኝ፤ ያ ነጋዴም ጭምር። እስከ ጎንደር ማንም መስኮት ዝጋ አላለኝም።

መጋቢት ላይ እማማ ዘይነብ መናኸሪያ መጡ። ልጁ በእናቱ ጀርባ ሆኖ ሻሿን እየጎተተ ይጫወታል፤ ለክትባት ዳባት ሊወስዱት ነው። ሴትዮዋን ጋቢና አስቀመጥኳቸው። ከከተማው ስንወጣ መንገዱን እያዩ ጀመሩ።

"እኔ ሁለት ወንድ ልጅ ወለድኩ። ሁለቱንም አስቆረጥኩ። አንዱ የዚህ አባት ነው። ሌላው ደሙ አልቆም ብሎ እጄ ላይ ቀረ። ቀኑ ደርሶ ነው ብዬ አርባ ዓመት ኖርኩ። ያ እጅ ሁሉ ሲወርድ ሳይ ነው በከንቱ እንደወሰድኩት የገባኝ።"

ዳባት ሲወርዱ ወርጄ እጃቸውን ሳምኩ፤ እሳቸው ሲመርቁኝ እኔ በልቤ የማመሰግነው ሲስተርን ነበር።

አሁን መሪውን ለእናንተ ለወጣት ሾፌሮቹ ለቅቄያለሁ። የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው። ጉንፋን በሳምንት ይሄዳል፤ ትኩስ ጠጡ፣ ተኙ፣ ትንፋሽ አታፍኑ። ጡት እንቢ ያለ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን ከጫናችሁ ግን ሳምንት የለውም። ወሳጆቹ የነገሯችሁ ቦታ ሳይሆን ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ግቡ።