ሰባተኛዋን እንዳትነኪያት

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ፍላሽ ላይ መዝሙር የምትጭነው ትርፌ ሰውየውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመነችውም። በየቅዳሜው ይመጣል። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት እንኳ ካፖርቱን አያወልቅም፤ ወንበር ስትሰጠው ግድግዳው ጥግ ወስዶ በሩን እያየ ይቀመጣል። ፍላሹን የሚይዘው በመሀረብ ቋጥሮ ነው።

"እህቴ፣ የመዝሙሮቹን ድምፅ እኩል አድርጊልኝ፤ አንዱ ይጮህብኛል፣ አንዱ ያንሾካሽካል" ይላታል። ሶፍትዌሩ የጮኸውን ዝቅ፣ የደከመውን ከፍ አድርጎ ሁሉንም በአንድ ልክ ያወጣቸዋል። "ሰባተኛዋን ግን እንዳትነኪያት።"

ሾኔ ውስጥ አንድ የመዘምራን ቡድን ገና ያላወጣው መዝሙር ተሰርቆ በየስልኩ ገባ ሲባል ሰምታለች። "ሌባው ይሄ ነው!" አለች በሆዷ። ዛሬ ሰባተኛዋንም ከሌሎቹ ጋር አስተካከለቻትና በስፒከር ከፈተቻት።

መዝሙር አልነበረም። በሯን ዘግታ የምትጸልይ ሴት ድምፅ ነው፤ ከበሩ ወዲህ የወንድ ትንፋሽ ይሰማል። "ማህሌትን አስባት፣ ጌታ ሆይ። ዕንባቆምን አስበው..." ሴትዮዋ የአምስት ሰው ስም ጠርታ "አሜን" አለች።

ትርፌ ቀና ስትል ሰውየው ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፍኗል። ድምፁ ማብቃቱን ከፊቷ አይቶ ቀስ ብሎ እጆቹን አወረደ።

"ስሜን ጠራችው?" አላት።

ትርፌ አንድም ቀን ስሙን ጠይቃው አታውቅም።